የሮኬት ሞተር ቁሶች እንዳይለወጡ ለመከታተል የቱን የኬሚካል ምርመራ እንምረጥ?

ጠጣር ነዳጅ የሚያቃጥል የሮኬት ሞተር አንዴ ከተለኮሰ ማጥፊያ የለውም። ፈሳሽ ነዳጅ የሚጠቀመው ሞተር መሬት ላይ ተለኩሶ፣ ታይቶ፣ ተዘግቶ ከዚያ በኋላ ሊበር ይችላል። ጠጣሩ ግን የሚሠራው ለአንድ ጊዜ ነው። የሚበረውን ሞተር ቀድሞ መሞከር ማለት ማቃጠል ማለት ነው። ስለዚህ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው። ተፈትኖ ካለፈው ሞተር የማይለይ ሞተር መሥራት።

ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አንድ ሞተር ውስጥ ስንት ነገር አለ! ነዳጁን አስተሳስሮ የሚይዝ ፖሊመር አለ። እሱን የሚያጠነክር ኬሚካል አለ። በነዳጁና በቀፎው መካከል የሚገባ የላስቲክ ሙቀት መከላከያ አለ። ማጣበቂያዎች፣ የመገጣጠሚያ ላስቲክ ቀለበቶች፣ ቅባቶችና ማጽጃ ፈሳሾች አሉ። የጋዙ መውጫ ኖዝል ደግሞ ብዙ ጊዜ በውስጡ ከካርቦን ጨርቅና ከፊኖሊክ ሬዚን (ሲጠነክር ጨርቁን አስሮ ከሚይዝ ሙጫ መሰል ቁስ) በተሠራ ቁስ ይለበጣል። እያንዳንዱ ነገር ከአቅራቢ ይመጣል። አቅራቢውም ከሌላ አቅራቢ ይገዛል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለ ፋብሪካ አንድ ካታሊስት (የኬሚካል ምላሽን የሚያፋጥን ነገር) ቢቀይር ማን ይነግራችኋል? ብዙ ጊዜ ማንም አይነግራችሁም።

የተለመደው የመቀበያ ምርመራም ይህን ላያይ ይችላል። ቁመታቸውና ክብደታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች አንድ ሰው አይደሉም። ቪስኮሲቲያቸው (የፈሳሽ ውፍረታቸው) እና ጥንካሬያቸው እኩል የሆነ ሁለት ባቾችም፣ ማለትም በአንድ ዙር የተመረቱ ሁለት ምርቶችም፣ እንደዚያው ናቸው። መስፈርቱን አልፏል ማለት አልተለወጠም ማለት አይደለም። ለዚህ ነው የኬሚካል አሻራ የሚባለው ሥራ የተጀመረው። የቁሱን ኬሚስትሪ በብዙ ዘዴ ለክቶ ማስቀመጥ፣ ከዚያ የሚመጣውን እያንዳንዱን ባች ከዚያ መዝገብ ጋር ማነጻጸር።

አሻራ የሚያነሱ ማሽኖች ግን ብዙ ናቸው። ሁሉንም መግዛት አይቻልም። ቢቻልም አያስፈልግም። የኔ አቋም ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። ማሽን ከመምረጣችሁ በፊት የምትፈሩትን ለውጥ ምረጡ። ከታች ያለው ንጽጽር ሁሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው።

ስጋቱ የመጣው ከየት ነው?

ስፔስ ሻትል የተባለው የአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር እ.ኤ.አ. ከ1981 እስከ 2011 ድረስ 135 ጊዜ በርሯል። በየበረራው ሁለት ግዙፍ ጠጣር ሞተሮች ነበሩት። እያንዳንዳቸው 500 ቶን ገደማ ነዳጅ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያቃጥሉ ነበር። ውስጣቸው ያለው ጋዝ ከ3,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ይሞቃል። እንዲህ ያለ ሞተር ለ30 ዓመት ሳይለወጥ መሥራት በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ዓለም ግን ለ30 ዓመት ባለችበት አትቆይም።

እ.ኤ.አ. በግንቦት 1988 ሄንደርሰን፣ ኔቫዳ የነበረው የፔፕኮን ፋብሪካ በእሳትና በፍንዳታ ወደመ። በአሜሪካ አሞኒየም ፐርክሎሬት፣ ማለትም ለጠጣሩ ነዳጅ ኦክስጅን የሚሰጠውን ጨው፣ ከሚያመርቱት ሁለት ፋብሪካዎች አንዱ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ፍሮንት ሮያል፣ ቨርጂኒያ ያለው የአቭቴክስ ፋብሪካ ተዘጋ። የኖዝሉ የካርቦን ጨርቅ የሚሠራበት ሬዮን የተባለው ክር የሚመጣው ከዚያ ነበር። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ1987 የተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት የኦዞን ሽፋንን የሚጎዱ ኬሚካሎችን ማገድ ጀመረ። ከታገዱት መካከል ከማጣበቅ በፊት ብረት ይጸዳበት የነበረው ሜቲል ክሎሮፎርም ይገኝበታል። አስቤስቶስም ከላስቲክ መከላከያዎች እንዲወጣ ግፊቱ በረታ።

አንዳቸውም የሞተሩ መሐንዲሶች የፈለጉት ለውጥ አልነበረም። ሁሉም ግን በራቸውን አንኳኳ። የናሳ ማርሻል የጠፈር በረራ ማዕከልና የሞተሩ አምራች ወሳኝ ቁሶችን በኬሚካል አሻራ መከታተል የያዙት እንዲህ ባለ ዘመን ውስጥ ነው።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላጥራ። ከነዚሁ መንኮራኩሮች አንዱ የነበረው የቻሌንጀር አደጋ ከዚህ ርዕስ ጋር ሲነሳ ይሰማል። እ.ኤ.አ. ጥር 28 ቀን 1986 ሰባት ሰዎች የሞቱበት ያ አደጋ የባች ለውጥ ያመጣው አይደለም። ጥፋቱ የመገጣጠሚያው ንድፍና ላስቲክ ቀለበቱን ያደነዘዘው ብርድ ነበር። ስለ ላስቲክ ግን አንድ ነገር አስተምሯል። የመስታወት ሽግግር ሙቀት የሚባለው ልኬት፣ ማለትም ላስቲኩ እየደነደነ የሚሄድበት ነጥብ፣ ለወረቀት ማሟያ የሚጻፍ ቁጥር አይደለም።

በምን እንመዝን?

መጀመሪያ የሚጠየቀው ዘዴው ምን ዓይነት ለውጥ ያያል የሚለው ነው። የዋናው ፖሊመር ዓይነት ሲቀየር? በጥቂቱ የሚጨመር አንቲኦክሲዳንት (ቁሱን ከኦክስጅን ጉዳት የሚጠብቅ ኬሚካል) ሲቀየር? የሞለኪውሎቹ ርዝመት ሲቀየር? የብረት ቆሻሻ ሲገባ? እነዚህ አራት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አራቱንም በአንዴ የሚመልስ ማሽን የለም።

ቀጥሎ የቁሱ ሁኔታ ይታያል። ፈሳሽ ሬዚን በአሟሚ ይሟሟል። የጠነከረ ላስቲክ ግን ያብጣል እንጂ አይሟሟም። ጥቁር ካርቦን የተሞላ ከሆነ ደግሞ ብርሃን ይውጣል። ግማሹ ዘዴ እዚህ ላይ ይወድቃል።

ሦስተኛው ነገር ብዙዎች ችላ የሚሉት ነው። ተደጋጋሚነት። ማሽን ሲሸጥ የሚወራው ስንት ሚሊዮንኛ ክፍል ድረስ እንደሚያይ ነው። ለአሻራ ሥራ ግን ከዚያ ይልቅ ዛሬ የለካውን ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ባለሙያ እጅ፣ በዚያው ልክ መድገሙ ይበልጣል። በጣም ስስ የሆነ ግን የሚዋዥቅ ዘዴ በየሳምንቱ የሐሰት ደወል ይደውላል። ሰው ደግሞ ደጋግሞ የሚጮህ ደወል መስማት ያቆማል።

ከዚያ ናሙና የማዘጋጀት ልፋት፣ ውጤት የሚያነብ ባለሙያና ወጪ ይመጣሉ። ወጪ ስል የማሽኑን ዋጋ ብቻ አይደለም። ኮለም (ድብልቁን የሚለያይ ቱቦ)፣ ጋዝ፣ አሟሚ፣ የጥገና ውልና ቆሻሻ ማስወገጃም አለ። በመጨረሻ ደህንነት። ኦክስጅን ሰጪ ጨው የተቀላቀለበትን ነዳጅ እንደ ተራ ላስቲክ መፍጨትም ማሞቅም አይቻልም። ለዚያ የተዘጋጀ ላብራቶሪና ሥልጠና ግድ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው በዋናነት ስለ ጥሬ ዕቃዎቹ፣ ስለ ማጣበቂያዎቹና ስለ ላስቲኮቹ ነው።

የአቅራቢው ሰርተፍኬት ብቻውን

ይህም አማራጭ ነውና እንየው። ወጪው ዜሮ ነው። ከእያንዳንዱ ባች ጋር ይመጣል። ግን የሚነግራችሁ አቅራቢው ሊለካ የተስማማውን ብቻ ነው። ቪስኮሲቲ፣ እርጥበት፣ ምናልባት አንድ ሁለት ቁጥር። ከታች ያለው አቅራቢ የቀየረው ነገር እዚያ ወረቀት ላይ አይወጣም። አንዳንዴ ቁጥሩ ራሱ የዚያ ባች ሳይሆን የተለመደው አማካይ ይሆናል። እንደ መነሻ ያዙት። እንደ ማረጋገጫ ግን አትያዙት።

ቲትሬሽንና የካርል ፊሸር የውሃ ልኬት

ይህ ክፍል ትንሽ ያንገበግበኛል። ዘመናዊ ማሽን ሲገባ መጀመሪያ የሚረሳው ቲትሬሽን፣ ማለትም የታወቀ ፈሳሽ በጠብታ እየጨመሩ ምላሽ የሚሰጠውን ነገር መቁጠር፣ ነው። ቢሆንም ኤፖክሲ ሬዚን ውስጥ ስንት ምላሽ ሰጪ ቀለበት እንዳለ፣ ፖሊመሩ ላይ ስንት ሃይድሮክሲል እንዳለ፣ ማጠንከሪያው ውስጥ ስንት አይሶሳያኔት እንደቀረ በቀጥታ የሚቆጥረው እሱ ነው። የሬዚንና የማጠንከሪያ ምጥጥን የሚሰላው በነዚህ ቁጥሮች ነው። ቁጥሩ ከተዛባ የጠነከረው ቁስ ወይ ይለሰልሳል ወይ ይሰባበራል።

ውሃም እንዲሁ። አይሶሳያኔት ውሃ ካገኘ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቃል። ጋዙ በማጣበቂያው ውስጥ አረፋ ይሠራል። አረፋ ማለት ባዶ ቦታ ነው። ባዶ ቦታ ያለበት ማጣበቂያ ሞተር ውስጥ ምን እንደሚያመጣ መገመት አያስቸግርም። በካርል ፊሸር መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው። ርካሽ፣ ፈጣን፣ ተደጋጋሚ። ድክመቱ ጠባብነቱ ነው። የጠየቃችሁትን አንድ ጥያቄ ይመልሳል እንጂ ያልጠበቃችሁትን አያሳይም።

ኤፍቲአይአር፦ የኢንፍራሬድ አሻራ

አንድ ማሽን ብቻ ግዙ ብባል ይህን እገዛለሁ።

ጠብታ ኤፖክሲ ሬዚን ትንሿ የአልማዝ መስኮት ላይ ታደርጋላችሁ። ማሽኑ ኢንፍራሬድ ብርሃን ይልካል። በአንድ ሁለት ደቂቃ ውስጥ ስፔክትረሙ፣ ማለትም ቁሱ የትኛውን ብርሃን እንደዋጠ የሚያሳየው ኩርባ፣ ስክሪን ላይ ይወጣል። ኩርባው ላይ ያለው ቁጥር በአንድ ሴንቲሜትር ውስጥ የሚገቡት የብርሃን ሞገዶች ብዛት ነው። 915 አካባቢ ያለችው ትንሽ ፒክ (ጉብታ) የኤፖክሲ ቀለበቱ ናት። 1,510 አካባቢ የቆመው ረጅም ፒክ የአሮማቲክ ቀለበቱ ነው። ሁለተኛው በማከማቻ አይለወጥም። የመጀመሪያዋ ግን ቀለበቱ እየተከፈተ ሲሄድ ታጥራለች። ስለዚህ የሁለቱን ምጥጥን ብቻ በየባቹ መዝግቡ። ምጥጥኑ ከወረደ ሬዚኑ አርጅቷል ወይም ሌላ ደረጃ ያለው ሬዚን ተልኮላችኋል። 3,400 አካባቢ የሃይድሮክሲል ጉብታው ካደገ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የናይትራይል ላስቲክ ከሆነ 2,240 አካባቢ ያለችውን ፒክ ተከታተሉ። እሷ የአክሪሎናይትራይሉን መጠን ትከተላለች።

አንድ ጠብታ ይህን ሁሉ ይናገራል። ግን ወሰኑን እወቁ። በጥቅሉ ከ1 በመቶ በታች የሆነ ነገር ድብልቅ ውስጥ ሲኖር በሌሎቹ ፒኮች ሥር ይደበቃል። አንቲኦክሲዳንት ብዙ ጊዜ እዚያ ውስጥ ነው። ሌላው ጣጣ ከመስኮቱ ላይ የሚያየው ጥልቀት አንድ ሁለት ማይክሮሜትር ብቻ መሆኑ ነው። ላስቲክ ደግሞ ሲቀመጥ ሰምና ስቴሪክ አሲድ ወደ ላይ ያወጣል። ሳታስቡት የምትለኩት ላስቲኩን ሳይሆን ላዩ ላይ የወጣውን ሰም ይሆናል። መፍትሔው ቀላል ነው። ሁልጊዜ አዲስ ቆርጣችሁ የውስጡን ገጽ ለኩ። ጥቁር ካርቦን ያለበት ከሆነ የአልማዙን መስኮት በጀርማኒየም ቀይሩት። ጥልቀቱ ስለሚያንስ ስፔክትረሙ ይጠራል።

ራማን የሚባለው ዘመዱም አለ። መስታወት ጠርሙስ ሳይከፈት ይለካል፤ ውሃም አያስቸግረውም። ጥቁር ላስቲክ ላይ ግን ሌዘሩ ናሙናውን ያቃጥላል። ብዙ ሬዚኖችም ራሳቸው እያበሩ ምልክቱን ይሸፍኑታል። ተቀጣጣይ ነገር ላይ ሌዘር ማነጣጠር ደግሞ በግልጽ አደገኛ ነው። ለዚህ ሥራ ሁለተኛ ምርጫ ነው።

ክሮማቶግራፊ፦ ለያይቶ ማየት

ኤፍቲአይአር ድብልቁን እንዳለ ያያል። ክሮማቶግራፊ ይለያየዋል። ሦስቱ ቤተሰቦቹ ግን ለየቅል ናቸው፤ በጅምላ "ክሮማቶግራፊ እንግዛ" አይባልም።

ኤችፒኤልሲ በጥቂቱ ለሚጨመሩ ነገሮች ነው። አንቲኦክሲዳንት፣ ማለስለሻ፣ ማጠንከሪያ አሚን፣ ፊኖሊክ ሬዚን ውስጥ የቀረ ነጻ ፊኖል። ላስቲኩ ራሱ ባይሟሟም ጭማሪዎቹን በአሟሚ አውጥቶ ማየት ይቻላል። አቅራቢው አንቲኦክሲዳንቱን ከአንድ ፋብሪካ ወደ ሌላ ቢያዞር የሚታየው እዚህ ነው። አዲስ ፒክ ብቅ ይላል፤ ወይም የነበረ ፒክ ይጠፋል። የሚያስቸግረው ኮለሙ ማርጀቱ ነው። ፒኩ የሚወጣበት ደቂቃ ቀስ በቀስ ይንሸራተታል። ስለዚህ የማጣቀሻ ናሙናውን ከአዲሱ ባች ጋር በዚያው ቀን፣ በዚያው ኮለም አሂዱ። ካለፈው ዓመት ፋይል ጋር ብቻ ማነጻጸር ያሳስታል።

ጂፒሲ የሞለኪውሎቹን ርዝመት ስርጭት ያሳያል። ነዳጁን ለሚያስተሳስረው ፖሊመር ከዚህ የሚበልጥ አላውቅም። እንበል አቅራቢው የሚፈለገውን ቪስኮሲቲ ማግኘት አቅቶታል። አንድ ወፍራምና አንድ ቀጭን ባች ይቀላቅላል። ቪስኮሲቲው ልክ ይመጣል። ሰርተፍኬቱ ያልፋል። ጂፒሲ ላይ ግን አንድ ንጹሕ ጉብታ የነበረው ኩርባ በጎኑ ሌላ ትከሻ ያበቅላል። አጫጭሮቹ ሞለኪውሎች በዝተዋል ማለት ነው። እነዚያ ፖሊመሩ ሲጠነክር ከሚሠራው መረብ ጋር በደንብ ካልተያያዙ ቁሱ ይለሰልሳል። ልብ በሉ፣ ከጂፒሲ የሚወጣው የሞለኪውል ክብደት ብዙ ጊዜ ከፖሊስታይሪን ጋር ተነጻጽሮ የተሰላ ነው። የሌላ ላብራቶሪ ቁጥር ከእናንተ ባይገጥም አትደናገጡ። የእናንተን ከእናንተ ጋር አነጻጽሩ።

ጂሲ-ኤምኤስ ለሚተንኑ ነገሮች ነው። የማጽጃ ፈሳሽ ንጽሕና፣ የቀረ አሟሚ፣ ያልተጠበቀ ቆሻሻ። ማጽጃ ፈሳሾች ውስጥ ማረጋጊያ ኬሚካል ይጨመራል፤ ሜቲል ክሎሮፎርም ውስጥ ለምሳሌ ዳይኦክሴን ይጨመር ነበር። አምራቹ ማረጋጊያውን ቢቀይር የሚያጋልጠው ይህ ማሽን ነው። ያልታወቀ ፒክ ሲወጣ ስሙን የመገመት ችሎታውም ከሁሉም ይበልጣል። ለጠነከረ ላስቲክ በሙቀት ሰባብሮ የሚያስገባ ተጨማሪ መሣሪያ አለ። ጥሩ ነው፤ ተደጋጋሚነቱን ለማስጠበቅ ግን እጅ ይፈልጋል።

የሙቀት ምርመራ

ዲኤስሲ አምስት አሥር ሚሊግራም ናሙና ይወስዳል። ቀስ እያለ ያሞቀዋል፤ የሚገባና የሚወጣውን ሙቀት ይለካል። የመስታወት ሽግግር ሙቀቱን ይሰጣችኋል። ያልጠነከረ ማጣበቂያ ከሆነ ደግሞ መጠንከር የሚጀምርበትን ሙቀትና በጠቅላላው የሚለቀውን ኃይል ይነግራችኋል። የሚጀምርበት ሙቀት ከወትሮው ቀድሞ ከመጣ አንድ ካታሊስት በዝቷል ማለት ሊሆን ይችላል።

ቲጂኤ ደግሞ ክብደት ይቆጥራል። ላስቲኩን በናይትሮጅን ውስጥ ስታሞቁት ዘይቱና ፖሊመሩ ይተናል። ከዚያ ጋዙን ወደ አየር ስትቀይሩት ጥቁር ካርቦኑ ይቃጠላል። የሚተርፈው ማዕድን መሙያው ነው። በአንድ ሩጫ ሦስት ቁጥር። ለሙቀት መከላከያ ላስቲክ ይህ ብቻውን ግማሽ አሻራ ነው። ለፊኖሊክ ሬዚን ደግሞ የሚቀረው ከሰል መጠን በቀጥታ የኖዝሉን ሥራ ይነካል።

የሁለቱም ጥንካሬ ቁሱ ጥቁርም ሆነ የጠነከረ ግድ የላቸውም። ድክመታቸው አንድ ነው። ተለወጠ ይላሉ፤ ምን እንደተለወጠ አይሉም። ስለዚህ ብቻቸውን አትተዉአቸው። ከኤፍቲአይአር ጋር ሲጣመሩ ግን በጣም ያምራሉ።

ብረቶችን መቁጠር

ኤክስአርኤፍ በኤክስሬይ ናሙናውን ሳያሟሟ ከባድ ንጥረ ነገሮችን ይለያል። ለመሙያና ለዚንክ ኦክሳይድ ይበቃል። ቀላሎቹን ንጥረ ነገሮች ግን በደንብ አያይም። ሶዲየም ላይ ይቸገራል። ሶዲየም ደግሞ ካርቦን ጨርቅ ላይ ዋናው ጠላት ነው። አልካሊ ብረቶች ካርቦን በሙቀት እንዲቃጠል ያፋጥናሉ። ስለዚህ ለካርቦን ጨርቅ አይሲፒ ወይም አቶሚክ አብዞርፕሽን የተባሉት፣ የተሟሟ ናሙና ውስጥ ያለ ጥቂት ብረት የሚለኩ ዘዴዎች ያስፈልጋሉ። በአሲድ ማሟሟቱ ያደክማል፤ ቁጥሩ ግን ያስተማምናል። የቀረ የቆርቆሮ ወይም የብረት ካታሊስት ለመያዝም አይሲፒ ነው መልሱ።

ኤንኤምአርና የገጽታ ምርመራ

ኤንኤምአር የፖሊመሩን አጥንት ያሳያል። ፖሊቡታዳይን በተባለው ፖሊመር ውስጥ ሲስ፣ ትራንስና ቪኒል የሚባሉት የሰንሰለቱ አሠራሮች በምን ምጥጥን እንዳሉ ይቆጥራል። ውድ ነው፤ ትልልቆቹ ፈሳሽ ሂሊየም ይፈልጋሉ። ለየባቹ አይመከርም። መዝገቡ ሲከፈትና ጥርጣሬ ሲነሳ ወደ ውጭ ላብራቶሪ ላኩት።

የማጣበቂያ ገጽ ላይ ግን ሌላ ጉዳይ አለ። ሲሊኮን። ከሻጋታ ማላቀቂያ፣ ከእጅ ቅባት፣ ከአንዳንድ ቱቦ ይመጣል። በዓይን አይታይም፤ ማጣበቂያን ግን ይገድላል። ገጹን በአሟሚ ጠርጎ ቅሪቱን በኤፍቲአይአር ማየት ርካሹ መንገድ ነው። 1,260 አካባቢ ስለታም ፒክ ካለ ሥራውን አቁሙ። በጣም ስስ ለሆነ ንብርብር ኤክስፒኤስ የተባለው፣ የላይኛውን ገጽ ብቻ በኤክስሬይ የሚያይ ማሽን ያስፈልጋል።

በአንድ ገጽ

| ዘዴ | በደንብ የሚያየው | የሚያመልጠው | ፍጥነት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|
| የአቅራቢ ሰርተፍኬት | የተስማማችሁበትን ቁጥር | ሌላውን ሁሉ | ወዲያው | የለም |
| ቲትሬሽን፣ ካርል ፊሸር | ምላሽ ሰጪ ክፍሎች፣ ውሃ | ያልተጠበቀ ለውጥ | ደቂቃዎች | ዝቅተኛ |
| ኤፍቲአይአር | ዋናው ኬሚስትሪ፣ እርጅና | ከ1 በመቶ በታች ያለ ጭማሪ | ደቂቃዎች | መካከለኛ |
| ኤችፒኤልሲ | አንቲኦክሲዳንት፣ ማለስለሻ፣ ማጠንከሪያ | የማይሟሟ ፖሊመር | ሰዓታት | ከፍ ያለ |
| ጂፒሲ | የሞለኪውል ርዝመት ስርጭት | የጠነከረ ቁስ | ሰዓታት | ከፍ ያለ |
| ጂሲ-ኤምኤስ | ተናኝ ነገር፣ ያልታወቀ ቆሻሻ | የማይተን፣ በሙቀት የሚፈርስ | ሰዓታት | ከፍ ያለ |
| ዲኤስሲ፣ ቲጂኤ | የመጠንከር ባሕርይ፣ የመሙያ መጠን | የለውጡ ምክንያት | አንድ ሁለት ሰዓት | መካከለኛ |
| ኤክስአርኤፍ | መሙያ፣ ከባድ ንጥረ ነገሮች | ሶዲየምና ከሱ የቀለሉ | ደቂቃዎች | መካከለኛ |
| አይሲፒ | በጣም ጥቂት ብረት | ኦርጋኒክ ለውጥ | አንድ ቀን | ከፍ ያለ |
| ኤንኤምአር | የፖሊመር አወቃቀር | የጠነከረ ጥቁር ላስቲክ | በቀጠሮ | በጣም ከፍ ያለ |

ከማሽኑ በላይ የሚወስነው መዝገቡ ነው

ምርጡ ማሽን የሚነጻጸርበት ነገር ከሌለው ዋጋ የለውም። መጀመሪያ የማጣቀሻ ባች ምረጡ። የሚመረጠው በጣም ንጹሕ የሆነው አይደለም። ተፈትኖ በተሳካው ሞተር ውስጥ የገባው ነው። ማወቅ የምንፈልገው አዲሱ ባች ከሠራው ጋር አንድ መሆኑን ነው።

ማጣቀሻው ግን ራሱ ያረጃል። ብዙ ሰው ይህን ይዘነጋል። ማጠንከሪያ ያልገባበት ኤፖክሲ ሬዚን ለረጅም ጊዜ ይቆያል። አይሶሳያኔት እርጥበት በነካው ቁጥር ይለወጣል። በፊኖሊክ ሬዚን የተነከረ ጨርቅ በክፍል ሙቀት እየጠነከረ ይሄዳል፤ ፍሪዘር ውስጥም ቢሆን ዘላለም አይኖርም። መፍትሔው ናሙናውን በትንንሽ ብልቃጦች ከፋፍሎ፣ በናይትሮጅን ዘግቶ፣ በቅዝቃዜ ማስቀመጥ ነው። አንድ ብልቃጥ አንዴ ከተከፈተ ወደ መደርደሪያ አይመለስም። ጥሬውን የማሽን ፋይልም አብራችሁ አስቀምጡ፤ የታተመ ሥዕል ብቻ በቂ አይደለም።

ቀጥሎ የተለመደው መዋዠቅ ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ ያስፈልጋል። አሜሪካዊው የጥራት ቁጥጥር ባለሙያ ዋልተር ሸዋርት እ.ኤ.አ. በ1924 ካቀረበው ኮንትሮል ቻርት፣ ማለትም ልኬቶች በጊዜ ቅደም ተከተል በላይኛና በታችኛ ገደብ መካከል ከሚቀመጡበት ሠንጠረዥ፣ እስካሁን የሚበልጥ አላገኘሁም። የተለመደው ምክር ገደቡን ከማስመርህ በፊት ከ20 እስከ 25 ነጥብ ይኑርህ ነው። ሮኬት ላይ ይህን ያህል ባች ለማግኘት ዓመታት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ በጥቂት ጀምሩ፤ ገደቡን "ጊዜያዊ" ብላችሁ ጻፉ፤ ባች በመጣ ቁጥር አስተካክሉት። ሙሉውን ስፔክትረም በኮምፒውተር የሚያነጻጽሩ የስታቲስቲክስ ዘዴዎችም አሉ። ጠቃሚ ናቸው። በአምስት ባች ላይ ከተሠሩ ግን የሌለ ነገር ያሳያሉ።

ለማን የቱ?

አነስተኛ ቡድን ወይም የዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ከሆናችሁ ኤፍቲአይአር፣ ቲትሬሽንና ካርል ፊሸር ያዙ። ሦስቱ ብቻ የሚመጣውን አብዛኛውን ትልቅ ለውጥ ይይዛሉ። ለዲኤስሲና ለቲጂኤ ናሙና ወደ ውጭ ላኩ። ገንዘብ የተረፈ እንደሆነ ሁለተኛ ማሽን ከመግዛት ይልቅ ጥሩ ፍሪዘርና አንድ ቋሚ ባለሙያ ይሻላችኋል።

በየጊዜው ባች የሚቀበል መካከለኛ አምራች ከሆናችሁ ዲኤስሲና ቲጂኤን ጨምሩ። ከዚያ ለኤችፒኤልሲ ወይስ ለጂፒሲ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። ዋና ጭንቀታችሁ ማጣበቂያና ላስቲክ ከሆነ ኤችፒኤልሲ። ፖሊመሩ ከሆነ ጂፒሲ። ማሽኑ ብዙውን አካል ስለሚጋራ አንዱን ገዝቶ ኮለምና መለኪያ በመቀየር ሁለቱንም መሥራት ይቻላል። ግን ኮለም መቀያየሩ መዋዠቅ ስለሚጨምር አንዱን ሥራ ዋና አድርጉት።

ሰው የሚሳፈርበት ወይም ለዓመታት ተከማችቶ የሚቆይ ሞተር ከሆነ ለእያንዳንዱ ወሳኝ ቁስ ሁለት የማይመሳሰሉ ዘዴዎች ይመደቡ። አንዱ ምን እንዳለ የሚናገር፣ ሌላው እንዴት እንደሚሠራ የሚናገር። ለኤፖክሲ ማጣበቂያ ኤፍቲአይአርና ዲኤስሲ። ለላስቲክ መከላከያ ቲጂኤና ኤችፒኤልሲ። ለፖሊመሩ ጂፒሲና ቲትሬሽን። ለካርቦን ጨርቅ አይሲፒ፤ ለሬዚኑ ኤችፒኤልሲና ቲጂኤ። ለማጽጃ ፈሳሽ ጂሲ-ኤምኤስና የቅሪት ልኬት።

አቅራቢ ተቀይሮ፣ ፋብሪካ ቦታ ለውጦ ወይም ሕግ አንድ ኬሚካል አግዶ ከሆነ ደግሞ በጀት አትቆጥቡ። ያላችሁን ሁሉ ዘዴ አንድ ጊዜ ተጠቀሙ፤ ኤንኤምአርም ጭምር። ከዚያ በኋላ ወደ ሁለቱ ዘዴዎች ተመለሱ።

መስፈርቱን አልፎ አሻራው ሲለይስ?

ይህ መምጣቱ አይቀርም። ያኔ ባቹን አታስገቡት፤ አትጣሉትም። ለይታችሁ አስቀምጡት። ከሌላ ከረጢት ወይም በርሜል አዲስ ናሙና ውሰዱና ከማጣቀሻው ጋር ጎን ለጎን ድገሙ። የማሽኑ ጥፋት መሆን አለመሆኑን መለየት የመጀመሪያው ሥራ ነው። ልዩነቱ ከጸና አቅራቢውን ጠይቁ። "ችግር አለ ወይ?" ብትሉት "የለም" ይላችኋል። "በ12ኛው ደቂቃ የሚወጣው ፒክ በዚህ ባች ውስጥ ለምን የለም?" ብትሉት ግን ማኅደሩን ይከፍታል።

ከዚያ ባቹን በሥራው ፈትኑት። ማጣበቂያ ከሆነ አጣብቃችሁ ላጡት፤ አርጅቶም ሲሆን፣ ቀዝቅዞም ሲሆን። ካለፈ በራሱ ስም ወደ መዝገቡ ይግባ፤ ከድሮዎቹ ጋር ሳይቀላቀል። ውሳኔውን ማን፣ በምን ምክንያት እንደሰጠ አብሮ ይጻፍ። በሚቀጥለው የግዢ ውል ላይ ደግሞ ሁለት መስመር ጨምሩ። አቅራቢው የጥሬ ዕቃ ምንጩን ወይም የአሠራር ዘዴውን ከመቀየሩ በፊት እንዲያሳውቅ፣ ጭነቱ ከመንገድ በፊትም ናሙና እንዲልክ።